ሳይክል ከነጓዙ ከባሕር ዳር ጎርጎራ፦ መርከብ፣ አስፋልት ወይስ የአውቶቡስ ጣሪያ?

የአባይን በረሃ በደጀን በኩል ወጥታችሁ፣ ደብረ ማርቆስንና እንጅባራን አልፋችሁ፣ ጓዝ በጫነ ሳይክል ባሕር ዳር ገብታችኋል እንበል። ቀጣዩ ጎንደር ነው። መሐል ላይ ጣና አለ። ያላችሁ ምርጫ ብዙ አይደለም። በምሥራቅ በኩል በአስፋልቱ መዞር አንዱ ነው። በሐይቁ ሰሜን ዳር ጎርጎራ ድረስ የሚሄደውን፣ መንገድ ላይ ቁንዝላ የሚያድረውን መርከብ መያዝ ሁለተኛው ነው። ሳይክሉን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ማስጫን አለ፤ ሞተር ጀልባ በኮንትራት መያዝም አለ። እኔ አንድ ሌላ እጨምራለሁ፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ ይፈጥናል?" ብሎ ነው። ትከሻው ላይ አንድ ቦርሳ ብቻ ላለው ሰው ልክ ነው። ለእናንተ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ጭነቱን ስንት ጊዜ አነሳለሁ? እያነሳሁ ሳለ የቀረውን ማን ያይልኛል? ባዶ ሳይክል ቢከብድ 15 ኪሎ ቢሆን ነው። ድንኳን፣ ምድጃ፣ ውኃ፣ ልብስና መፍቻ ሲጨመርበት 40 ኪሎን ይጠጋል። መሬት ላይ እያለ ያን ክብደት ጎማው ይሸከመዋል። መሬት ሲለቅ ዕዳው የወገባችሁ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የማመዛዝነው በዚህ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው የጸጥታ ነገር የታወቀ ነው። መንገዱም መርከቡም አንድ ሳምንት ክፍት ሆኖ በሚቀጥለው ሊዘጋ ይችላል። የምትሄዱበትን ቀን ወሬ ከአካባቢው ሰው ሳትጠይቁ አትነሱ። ይህ መመሪያ የሚሠራው መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው።

መርከቡ

በቆየው ፕሮግራም መርከቡ በሳምንት አንዴ ነው። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ይነሳል። ዘጌንና የደቅን ደሴት ነክቶ ቁንዝላ ይደርስና ያድራል። ሰኞ በደልጊ በኩል አድርጎ ጎርጎራ ይገባል። መልሱ ሐሙስ ማለዳ ከጎርጎራ ነው። ይህን ቃል በቃል አትያዙት። ሞተር ይበላሻል፤ ቀን ይቀየራል። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ወደቡ ድረስ ሂዱና ጠይቁ። ስትሄዱ ደግሞ ሳይክሉን ከነጭነቱ ይዛችሁ ሂዱ። በስልክ "ሳይክል አለኝ" ስትሉት "ችግር የለም" የሚላችሁ ሰው በሐሳቡ ያለው ባዶ ሳይክል ነው። ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት፤ ሳይክል ማንንም አያስደነግጥም። አራት ሻንጣ የተንጠለጠለበት ሲያዩ ግን ወሬው ይለወጣል። ዋጋውንም ያኔ፣ ዕቃው ፊታቸው እያለ፣ ጨርሱ። የሰው ስንት ነው? የሳይክልስ? ሻንጣው ለብቻ ይቆጠራል?

የውኃውን መጠንም ጠይቁ። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ለመርከብ የመጨረሻው ልክ ነው፤ ከዚያ ከወረደ አይንቀሳቀስም። በ1995 ዓ.ም. ድርቁ ላይ ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውኃ ተጨምሮ ሐይቁ በጣም ስለጎደለ መርከቦች ለአራት ወር ያህል ቆመው ነበር። በየዓመቱ እንዲህ አይሆንም። ግን ግንቦትና ሰኔ የጉድለት ወራት ናቸው። በነዚህ ወራት መርከቡ ቢሄድ እንኳ አንዳንድ ማረፊያ ላይ ዳር ድረስ ላይጠጋ ይችላል። ያኔ ሳይክል ተሸክሞ ውኃ ውስጥ መግባት ይመጣል። አትግቡ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ሰው ክፈሉና ትንሽ ጀልባ ጠብቁ፤ ወይም ቀጣዩ ማረፊያ ላይ ውረዱ።

የጫኑትን ማውረድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመርከቡ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ነው።

መወጣጫው ጠባብ ሳንቃ ነው። ሳይክሉን ከነጭነቱ እየገፋችሁ በሱ ላይ አትሞክሩት። የጎን ሻንጣ ሳንቃውን ሞልቶ ያልፋል፤ ከኋላ ደግሞ ጌሾና ቡና የተሸከመ ሰው ይገፋል። ሻንጣዎቹን ሁሉ ወደቡ ላይ አውርዱ። ትናንሾቹን ሁሉ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱና አፉን እሰሩት። ይቺ የሃምሳ ሳንቲም ብልሃት ናት፤ ብዙ ታተርፋለች። ስድስት ቁራጭ ዕቃ የነበረው ሦስት ይሆናል፤ ሳይክሉ፣ ማዳበሪያው፣ የእጅ ቦርሳው። ሦስት ነገር መቁጠር ይቻላል። ስድስት ነገር በሰው ግርግር መሐል አይቆጠርም።

ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ መርከቡ ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ ይቁም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጫኝ አውራጅ ያዙ። ቅደም ተከተሉን ግን እናንተ ወስኑ። መጀመሪያ ማዳበሪያው ይውጣ፣ ቀጥሎ ሳይክሉ፣ በመጨረሻ እናንተ ከነቦርሳችሁ። ገንዘብ፣ መታወቂያ፣ ስልክና መድኃኒት ከእጃችሁ አይለይ።

ሳይክሉን የት እናስቀምጠው? ወደ ኋላ፣ ሰው የማይመላለስበት፣ የሞተሩ ጢስ የማይመታው ቦታ ፈልጉ። የማርሹ ወገን ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ግድግዳው ከሆነ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ሁለት ቦታ እሰሩት፣ በወንበሩ ሥርና በመሪው አንገት። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ከገመድ ይሻላል፤ ቀለም አይልጥም፣ ሲናወጥም አይላላም። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ከመሪው ጋር በላስቲክ ጠምጥሙት፤ ጎማው አይንከባለልም። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ጥልቀት ስለሌለው ደግሞ ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይክል ከሰዓት የሰው እግር ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጭቅጭቅ አልነግራችሁም።

ስለ ሳይክልና መርከብ የባሕር ማዶ ምክር ያነበባችሁ ትኖራላችሁ። እነሱ ዘንድ ትልልቆቹ የሌሊት መርከቦች መኪና የሚገባበት ሆድ አላቸው። ሳይክሉን እየነዱ ይገባሉ፤ ከብረቱ ጋር ያስሩታል፤ ወደ ላይ ይወጣሉ። መርከቡ ከተነሳ በኋላ ታችኛው ክፍል ስለሚዘጋ እስኪደርሱ ድረስ ሳይክላቸውን አያዩትም። ስለዚህ ምክራቸው በሙሉ "የሌሊት ቦርሳ ለይታችሁ ውጡ" የሚል ነው። ጨው ዝገት እንዳያመጣም ካቴናውን ዘይት ቀቡ ይላሉ። የኛ የተለየ ነው። ጣና ጨው የለውም፤ ስለ ዝገት አትጨነቁ። ሳይክላችሁ ከዓይናችሁ አይርቅም። እንደዚያው ከሌላውም ሰው ዓይን አይርቅም፤ ከእጁም ጭምር። ደወሉን የማይደውል ሕፃን አይኖርም። ማርሹን የሚቀያይር ጎረምሳም አይጠፋም። መሸፈኛ ሸራ ይኑራችሁ፤ ከዝናብ ይልቅ ለዚህ ይጠቅማል። የሌሊት ቦርሳው ምክር ግን ለኛም ይሠራል።

ቁንዝላ ማደር

ሦስት መንገድ አለ። ሁሉንም አውርዶ አልቤርጎ ይዞ መግባት፤ ሳይክሉን መርከቡ ላይ ትቶ በቦርሳ ብቻ መውጣት፤ ወይም ከመርከቡ ሠራተኞች ጋር ተነጋግሮ እዚያው መተኛት።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ግን በአንድ ሁኔታ። መርከቡ ላይ የሚያድር ሰው መኖሩን በስሙ ማወቅ አለባችሁ። "ሰው አለ" አይበቃም። ማን ነው? ሰውየውን አግኙት፣ ሰላም በሉት። ሳይክሉን ከነቁልፉ አሳዩትና "አባባ፣ አደራ፣ ጠዋት እስክንመጣ ይዩልን" በሉት። ይህን ሌላ ሰው በሚሰማበት ቦታ ብትሉት የበለጠ ነው። ከሻይ መጠጫው ግማሹን ማታ ስጡ፣ ግማሹን ጠዋት። እንዲህ ካደረጋችሁ ሁለት ማንሳት ቀረላችሁ፤ አንድ ማውረድ፣ አንድ መጫን። በጨለማ በዚያ ሳንቃ ላይ የሚቀር ማንሳት ቀላል ነገር አይደለም።

መርከቡ ማታ እህል የሚያወርድ ወይም የሚጭን ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ዕቃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሳይክሉም ይንቀሳቀሳል። ያኔ ቢደክምም አውርዱት። አልቤርጎ ስትጠይቁ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አልጋ አይሁን። "እትዬ፣ ሳይክሉ ክፍሉ ውስጥ ይገባል?" ነው። ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ግቢ ውስጥ ይቁም ካሉ ደግሞ ከሚተኙበት ቤት መስኮት ሥር እንዲሆን ለምኑ።

መርከቡ ላይ መተኛት ለወጣት ያምራል። ሌሊት ይበርዳል፤ ትንኙም አይጣል ነው። ጣና ዙሪያ ወባ አለ። አጎበር ከሌላችሁ ይቅርባችሁ። አልቤርጎ ብትይዙም አጎበሩን ይዛችሁ ውጡ፤ የሌሊት ቦርሳው ውስጥ የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ይሁን። ቀጥሎ የእጅ ባትሪ፣ ጋቢ ወይም ሹራብ፣ ውኃ፣ በሶ። ዓሣ ታገኛላችሁ፤ ግን መርከቡ ዘግይቶ ከገባ የምግብ ቤቱ ድስት ቀድሞ ይጠረጋል። በሶ ያለው ሰው ጦሙን አያድርም።

የመነሻ ሰዓቱን ከካፒቴኑ አፍ ስሙ። ተሳፋሪ ሲነጋገር የሰማችሁትን አትመኑ።

አስፋልቱ

ባሕር ዳር–ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማንሳት ከቆጠራችሁት ከሁሉም የሚበልጥ ይሄ ነው፤ የምታነሱት ማታ አልጋ ስትይዙ ብቻ ነው። አዲሱን የአባይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ግንቦት 2016 የተመረቀው ነው፤ 380 ሜትር ይረዝማል። ከዚያ በሐሙሲት አድርጋችሁ ወረታ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጓዝ ላለው የሚመች መንገድ ነው። ፎገራ ሜዳ ነው፤ ሩዙ ግራና ቀኝ ነው። ክረምት ላይ ግን ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይሆናል፤ ያን ወቅት አትምረጡ።

ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ይመጣል። እንፍራዝ ላይ የጉዛራን ግንብ ከላይ ታዩታላችሁ። ወደሱ ለመውጣት ጭነቱን ከታች ለሰው አደራ ሰጥታችሁ ሂዱ፤ ከነጓዙ አይሞከርም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ጣና ደግሞ 1,800 አይሞላም። ልዩነቱ ብዙ አይመስልም፤ ግን መንገዱ እየወረደ ደግሞ ይወጣል። በአንድ ቀን ልጨርሰው የሚል ጠንካራ ሰው አይጠፋም። ጭነት ላለው ሁለት ቀን ይብቃው። ወረታ ወይም አዲስ ዘመን ያድሩ፤ ሁለቱም ቦታ አልጋም ጎሚስታም አለ።

በዚህ መንገድ ላይ የሚያስቸግረው ሚኒባስ ነው። ዳገት ላይ ስትንገዳገዱ ጥሩንባ ነፍቶ ጥግ ያስይዛችኋል። ጭነታችሁ ወደ ጎን ያጋደለ ከሆነ እዚህ ላይ ያጋልጣችኋል። የአህያ ጭነት ሲጭን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ግራና ቀኙ ካልተካከለ መንገድ አይገፋም። ውኃውን በአንድ ወገን፣ ልብሱን በሌላው አታድርጉ። ልጆቹን ደግሞ አትፍሯቸው። "ሳይክል! ሳይክል!" ብለው ይሮጣሉ፤ አንዳንዱ ጠጠር ያነሳል። ቀድማችሁ ስታልፉ "እንዴት ዋላችሁ፣ ጎበዞች!" በሏቸው። ሰላም የተባለ ልጅ እጁ ላይ ያለውን ይጥላል። ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ።

ጎርጎራ የግድ መድረስ ካለባችሁ ከአዘዞ ወደ ግራ ታጥፎ በቆላ ድባ ነው። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

የአውቶቡስ ጣሪያ

ሲቸግር ነው። ጉልበት ሲታመም፣ ቸርኬ ሲሰበር፣ ቀን ሲያልቅ። ሁለት ማንሳት ብቻ ነው፤ ግን ሁለቱም ከራስ በላይ ናቸው፤ የሚያነሳው ደግሞ እናንተ ሳትሆኑ ረዳቱ ነው። ረዳቱ ሳይክልን የሚያየው እንደ አልጋ ብረት ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ መጨረሻ ይጫን ብላችሁ ለምኑ፤ ከላይ እንዲሆን። ፔዳሎቹን ፍቱ። መሪውን አዙሩት። የማርሹ ወገን ወደ ላይ ይተኛ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም መንገድ ላይ የጤፍ ኩንታል ይጨመርበታል። የእኔ ቸርኬ የጠመመው እንዲህ ባለ ጉዞ ነው፤ ረዳቱ "ድሮም ጠማማ ነበር" አለኝ። ምን ይባላል? በየመቆሚያው ውረዱና ቀና ብላችሁ እዩ። ባዶ የሚመለስ አይሱዙ ካገኛችሁ ከአውቶቡስ ይሻላል፤ ሳይክሉ ቆሞ ይሄዳል።

ጀልባ ኮንትራት

ነዳጁን በሙሉ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ለአምስት ለስድስት ሰው ይሆናል፤ ለብቻ አይሆንም። ጠባብ ስለሆነ ሳይክሉ ጎማው ወጥቶ ይተኛል። ወደ ሰሜኑ ዳር እምቦጭ ካለ ሞተሩን ይይዘዋል፤ መጀመሪያ ጠይቁ። በማለዳ ካልሆነ አትነሱ። በደንገል ታንኳ ሳይክል ለመጫን ያሰበ ካለ ደግሞ ፎቶ ይነሳና ይውረድ።

እኔ የምመርጠው

ጎንደር መድረስ ከሆነ ነገሩ፣ አስፋልቱን ያዙ። ክርክር የለበትም። መርከቡ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ጎርጎራ ካወረዳችሁ በኋላ ገና ወደ ጎንደር ሽቅብ ትገፋላችሁ። ስለዚህ እንደ አቋራጭ አትቁጠሩት።

መርከቡን የምትይዙት ሐይቁን ፈልጋችሁ ከሆነ ነው። ያኔ ደግሞ እኔ ጎርጎራ ድረስ አልሄድም። ከላይ እጨምራለሁ ያልኩት ይሄ ነው፤ ቁንዝላ መውረድ። እሁድ ከባሕር ዳር ተሳፍራችሁ፣ ደቅን ከሩቅም ከቅርብም አይታችሁ፣ ቁንዝላ ታድራላችሁ። ሰኞ ማለዳ መርከቡ ያለእናንተ ይሂድ። እናንተ ጭናችሁ በአቸፈር በኩል ወደ ዱርቤቴ ትነዳላችሁ። ከዱርቤቴ ወደ ቀኝ ዳንግላ፣ ወደ ግራ መራዊና ባሕር ዳር ነው። ማንሳቱ አንዴ መጫን፣ አንዴ ማውረድ ብቻ ይሆናል። ሌሊት ሳይክሉን ማን ይጠብቅ የሚለው ጭንቀትም ይቀራል፤ አብሯችሁ ወርዷልና። ዙሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጎጃም ውስጥ ነው። መንገዱ ላይ የሳይክል ዕቃ አታገኙም፤ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና መንፊያ ከባሕር ዳር ያዙ። ክረምት ላይ በዚያ ወገን ዝናቡ ይበረታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ውኃውም ገና አልጎደለም፣ ጭቃውም ደርቋል።

ቁንዝላ ብቻ አይበቃኝም፣ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ካልተሻገርኩ የሚል ሰው ደግሞ ይኖራል። እሱ አቅጣጫውን ይገልብጥ። በአስፋልቱ ጎንደር ይውጣ፣ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ይውረድ፣ በመርከብ ይመለስ። ሽቅቡን በትኩስ ጉልበት ጨረሰው ማለት ነው። ከሁለት ቀን መቀመጥ በኋላም የሚጠብቀው የባሕር ዳር ሜዳ እንጂ የአዘዞ ዳገት አይደለም። የሐሙሱን መርከብ ለመያዝ ረቡዕ ከቀትር በፊት ጎርጎራ ይግባ። ሳይክሉን ለመርከቡ ሰዎች ለማሳየትና ዋጋ ለመነጋገር ጊዜ ይኖረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደብረ ሲና ማርያምን ይሳለማል።